ግቢውና ግንቡ፦ ማትሪክስን ከዲተርሚናንት እንዴት እንለያለን?

ጎንደር ፒያሳ ቆማችሁ «ፋሲል የት ነው?» ብትሉ የሚያሳያችሁ አይጠፋም። ግን የፈለጋችሁት ግቢውን ነው ወይስ ግንቡን? ግቢው ውስጥ የአጼ ፋሲል ግንብ አለ፣ የአጼ ኢያሱ አለ፣ የእቴጌ ምንትዋብም አለ።

ሒሳብ የማስጠናው የጎረቤት ልጅም እንዲሁ ተምታታበት። «ማትሪክሱ ስንት ነው?» አለኝ። ማትሪክስ ስንት ነው አይባልም! ስንት የሚባለው ዲተርሚናንቱ ነው።

መጀመሪያ አጥሩን እዩ። ቁጥሮቹ በካሬ ቅንፍ ከታጠሩ ማትሪክስ ነው፤ የቁጥር ሰንጠረዥ ማለት ነው። በሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች ከታጠሩ ዲተርሚናንት ነው፤ ተሰልቶ አንድ ቁጥር ይወጣዋል።

ሀ =
⎡4 2⎤
⎣3 2⎦

|ሀ| = 4×2 − 2×3 = 2

ቀጥሎ ረድፍና ዓምዱን ቁጠሩ። እኩል ካልሆኑ ዲተርሚናንት የሚባል ነገር የለም፤ አትድከሙ።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚወድቅበት ቦታ እንምጣ። ማትሪክስን በ2 ስታባዙ አራቱም ቁጥሮች ይባዛሉ፤ 8፣ 4፣ 6፣ 4 ይሆናሉ። ዲተርሚናንትን በ2 ስታባዙ ግን 2ቱን ወደ ውስጥ ካስገባችሁ የምታባዙት አንድ ረድፍ (ወይም አንድ ዓምድ) ብቻ ነው። ሁሉንም ካባዛችሁ አለቀላችሁ። ራሳችሁ ሞክሩት፦

2|ሀ| = 2×2 = 4
|2ሀ| = 8×4 − 4×6 = 8

የመስመሯ ቦታ ትንሽ ስትቀየር መልሱ እጥፍ ሆነ። ልጁ ይህን ሲያይ እስኪርብቶውን አስቀምጦ ዝም አለ። እኔም ተማሪ እያለሁ እዚችው ላይ ነበር ነጥብ የጣልኩት።

ከማትሪክሱ በላይ በስተቀኝ ትንሽ ምልክት ካለችም አትለፏት። «ቲ» ከሆነች ትራንስፖዝ ነው፤ ረድፉ ዓምድ ይሆናል፣ በቃ። −1 ከሆነች ግን ኢንቨርስ ነው። እያንዳንዱን ቁጥር ገልብጣችሁ ሩብ፣ ግማሽ ብላችሁ እንዳትጽፉ! የሀ ኢንቨርስ ይሄ ነው፦

⎡ 1    −1⎤
⎣−1.5   2⎦

ትክክል መሆኑን ለማወቅ ከሀ ጋር አባዙት። ከላይ ግራ ወደ ታች ቀኝ ባለው ሰያፍ ላይ 1፣ በቀረው ቦታ 0 መምጣት አለበት። ትራንስፖዝ ለየትኛውም ማትሪክስ ይሠራል። ኢንቨርስ ግን ዲተርሚናንቱ 0 ከሆነ የለም፤ ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት |ሀ|ን አስሉ።