እንግሊዝኛው የት ላይ ቆመ? ከጅማ ዶርሞች የተሰሙ ስሞታዎችና መፍትሄያቸው

ዶርም ውስጥ አንዱ «እንግሊዝኛዬ አላድግ አለ» ሲል ሌላው ከአልጋው ሳይነሳ መድኃኒት ያዛል፦ «ሰዋስው አንብብ!» ራሱን ለሚያመውም ሆዱን ለቆረጠውም አንድ ዓይነት ክኒን እንደ ማደል ነው። ጅማ ውስጥ የሁለተኛና የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎችን ሳስጠና ያየሁት ሌላ ነው። ተማሪው ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንግሊዝኛ ተምሯል፤ የኃላፊ ጊዜን ሕግ ከእንቅልፉ ብትቀሰቅሱት ይነግራችኋል። ሃንድአውቱን አንብቦ ይረዳል፣ ፈተናውንም ያልፋል። የቆመው ከዚያ በኋላ ነው፤ የቆመበት ምክንያት ደግሞ እንደ ስሞታው ይለያያል።

«መምህሩ ሲያስተምሩ ይገባኛል፤ ቪዲዮ ሲሆን ግን ያመልጠኛል»

የቃላት እጥረት ይመስላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን አይደለም። አማርኛ ለእያንዳንዱ ክፍለ ቃል ድርሻውን ይሰጣል። እንግሊዝኛ አንዱን ረግጦ የቀሩትን ይውጣቸዋል። ዐይናችሁ «ኮምፎርቴብል» ብሎ የመዘገበውን ቃል ተናጋሪው «ካምፍተብል» ብሎት ያልፋል። ቃሉን ታውቁታላችሁ፤ ጆሯችሁ ግን አልተዋወቀውም። የመምህራችሁ ንግግር የሚገባችሁ በእኛው ምት ስለሚናገሩ ነው።

መፍትሄው አጭር ድምፅ ከነጽሑፉ ማግኘት ነው። የቢቢሲ የእንግሊዝኛ ማስተማሪያ ክፍል የስድስት ደቂቃ ዝግጅቶችን ከነጽሑፋቸው በነፃ ያቀርባል፤ ግቢው ውስጥ ኢንተርኔት ሲገኝ አውርዳችሁ አስቀምጡ። ስድስቱንም ደቂቃ አትፈልጉትም። አንዷን ደቂቃ ብቻ ወስዳችሁ ጽሑፉን ሳታዩ ሦስት ጊዜ አድምጡ፣ የሰማችሁትን ጻፉ፣ ከዚያ አመሳክሩ። ያመለጧችሁን ቃላት ስታሰምሩባቸው አብዛኞቹ የምታውቋቸው ሆነው ታገኟቸዋላችሁ። እነሱን እየተከተላችሁ ከተናጋሪው ጋር አብራችሁ ድምፅ አውጥታችሁ በሉ። የአማርኛ ትርጉም ከሥሩ የተጻፈበት ፊልም ለመዝናናት ጥሩ ነው፤ ለዚህ ሕመም ግን አይረዳም፤ ዐይን ሲሠራ ጆሮ ይተኛል። የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ደግሞ ያለ ጆሮ ማዳመጫ አትሞክሩት።

«ሰዋስዉ ልክ መስሎኝ ነበር፤ ወረቀቴ ግን በቀይ ተሞልቶ ተመለሰ»

የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከማኅበረሰቡ መሐል ገብቶ ይማራል። ነዋሪውን በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ ጠይቆ የመጣው ልጅ ሪፖርቱን የሚጽፈው በእንግሊዝኛ ነው። እዚያ ላይ አፍ የፈታበት ቋንቋ ከሥር ሆኖ ይጎትታል።

አማርኛ «ምንም እንኳን ዝናብ ቢዘንብም ግን ሄድን» ቢል አይከፋውም። ተማሪው ይህን ይዞ «ኦልዞው» ብሎ ጀምሮ መሐል ላይ «በት» ይጨምራል፤ እንግሊዝኛ ግን ከሁለቱ አንዱ ይበቃዋል። «ስለ ችግሩ ተወያየን» ስለምንል «ዲስከስ» ላይ «አባውት» እንለጥፋለን፤ ግሱ ግን ያለ እሱ ነው የሚቆመው። በር እንከፍታለን፣ ቧንቧም ቴሌቪዥንም እንከፍታለን፤ እንግሊዝኛ በሩን «ኦፕን» ብሎ ቴሌቪዥኑን «ተርን ኦን» ይለዋል። ብዙ ሰው የሚሰናከለው ደግሞ እዚህ ነው፦ «ትናንት አይቼዋለሁ» በአማርኛ ምንም ነውር የለውም፤ «አይ ሃቭ ሲን ሂም የስተርደይ» ግን ስህተት ነው። «ሃቭ» ያለበት ይህ ቅርጽ ያለቀ ጊዜ የሚጠራ ቃል አጠገቡ አያስጠጋም። ትናንት ካላችሁ «አይ ሶው ሂም» በሉ። ሰዋስው መጽሐፉ ሕጉን ነግሯችኋል፤ አማርኛችሁ ተቃራኒውን እንደሚያንሾካሹክ ግን አልነገራችሁም።

ስለዚህ አዲስ የሰዋስው መጽሐፍ አትግዙ። የተመለሱላችሁን ወረቀቶች ሰብስቡና አንድ ደብተር በሦስት ዓምድ ክፈሉ፦ የጻፋችሁት፣ የታረመው፣ ያሳሳታችሁ የአማርኛ ወይም የአፋን ኦሮሞ አነጋገር። ሦስተኛው ዓምድ ነው ዋናው። ከአንድ ወር በኋላ ስታዩት የየራሳችሁ አምስት ስድስት ስህተት እየተመላለሰ እንደሆነ ይገባችኋል። ወረቀት ከማስረከባችሁ በፊት ለእያንዳንዱ ስህተት አንድ አንድ ጊዜ አንብቡት፦ አንድ ዙር «ኦልዞው»ን ብቻ ፍለጋ፣ ሌላ ዙር «ሃቭ»ን ብቻ።

አራሚ ፕሮግራም ስልካችሁ ላይ እንዳለ አውቃለሁ። መጀመሪያ ራሳችሁ አርማችሁ ኋላ ከእሱ ጋር ብታስተያዩ እሰየው። በቀጥታ ከሰጣችሁት ግን ወረቀቱ ይጸዳል፣ ስህተቱ ከእናንተ ጋር ይቀራል።

«ቃል እሸመድዳለሁ፤ በሳምንቱ ይጠፋል»

ምን ዓይነት ቃል? አንድ ልጅ መዝገበ ቃላቱን ከመጀመሪያው ፊደል ጀምሮ ሲሸመድድ አግኝቼዋለሁ፤ እኔ እንኳ አንብቤያቸው የማላውቃቸውን ቃላት ያውቅ ነበር። አቬሪል ኮክስሄድ የተባሉ የኒውዚላንድ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2000 በየትምህርት ዘርፉ የሚደጋገሙ 570 የቃል ቤተሰቦችን (ከአንድ ሥር የወጡ ተዛማጅ ቃላትን) ዝርዝር አሳትመዋል። ከዕለት ተዕለቶቹ ቃላት ቀጥሎ፣ በአካዳሚክ ጽሑፍ ውስጥ ከዐሥር ቃል አንዱ ገደማ ከእነዚህ ነው። ዝርዝሩ በነፃ ይገኛል፤ ከእሱ ጀምሩ።

ቃሉን ደግሞ ብቻውን አትጻፉት። አማርኛ ፎቶ «ያነሳል»፣ እንግሊዝኛ «ቴክ» ይላል፤ እኛ ውሳኔ «እንወስናለን»፣ እነሱ ውሳኔን ከ«ሜክ» ጋር ያጋባሉ። ባልንጀራው የሌለበት ቃል ፈተና ላይ ይታወሳችሁ ይሆናል፤ ስትጽፉ ግን አይታዘዝላችሁም።

«አንድ ገጽ አንድ ሰዓት ይፈጅብኛል»

በየቃሉ መዝገበ ቃላት ስለምትከፍቱ ነው። ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ የመጣውን ብቻ ፈልጉ። ለፍጥነት ልምምድ ደግሞ ከመቶ ቃል ከሁለት በላይ የማታውቁበትን ጽሑፍ አስቀምጡትና ቀለል ያለ ያዙ። ማፈር የለም።

«ለመናገር ስነሳ አፌ ይታሰራል»

ግማሹ ፍርሃት ነው፤ ጓደኛ «ፈረንጅ ልትሆን ነው?» ብሎ ይስቃል። ሌላው ግማሽ ግን ፍጥነት ነው። ሐሳቡን፣ ቃሉን፣ ሰዋስዉንና የሚያዩአችሁን ዐይኖች በአንድ ጊዜ ስለምትሸከሙ አፍ ይከብዳል። ሐሳቡ አስቀድሞ ያለቀለት ከሆነ ሸክሙ ይቀላል።

የቋንቋ መምህራን አራት፣ ሦስት፣ ሁለት የሚሉት ልምምድ አለ፦ አንዱን ታሪክ በአራት ደቂቃ፣ ቀጥሎ በሦስት፣ ከዚያ በሁለት ደቂቃ መናገር። በቡና አገር ሆነን ይህን ለማስታወስ አንቸገርም። ቡና ሲፈላ አራት ሆናችሁ ተቀመጡ። በአቦል ለአንዱ በአራት ደቂቃ፣ በቶና ለሌላው በሦስት፣ በበረካ ለሦስተኛው በሁለት ደቂቃ ያንኑ ተናገሩ። አድማጩ መቀያየር አለበት፤ የሰማውን መልሳችሁ ብትነግሩት እሱም ይሰለቻል፣ እናንተም ታቋርጣላችሁ። ማንም መሐል ገብቶ አያርምም። ርዕሱ የምታውቁት ይሁን፦ እናታችሁ ቡና እንዴት እንደሚቆሉ፣ ጅሬን ወጥታችሁ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ያያችሁበት ቀን። የመጀመሪያው ዙር ይንተባተባል። በበረካው ላይ ግን «እ…» የምትሉባቸው ቦታዎች ቀንሰው ታገኟቸዋላችሁ፤ ያልቀነሱትን ማታ ከሦስት ዓምዱ ደብተር ላይ ጻፏቸው።