ኢንዲያና ዱንስ ስትሄዱ፦ መጀመሪያ ኮረብታው ከዛ ውሃው

ቺካጎና አካባቢው ያላችሁ በጋ በመጣ ቁጥር የት እንሂድ ማለታችሁ አይቀርም፣ ያን ያህል ርቃችሁ ሳትሄዱ ኢንዲያና ዱንስ ስቴት ፓርክ አለላችሁ። ከዳውንታውን ወደ 50 ማይል ቢሆን ነው፣ መንገዱ ካልተዘጋጋ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ሌክ ሚሺጋን ዳር ቼስተርተን የምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ነው። ከ3 ማይል በላይ የሚሄድ አሸዋማ ዳርቻ አለው፣ ከጀርባው ደግሞ የአሸዋ ኮረብታ፣ ጫካና ረግረግ። ብዙ ሰው ግን ውሃው ዳር ፎጣውን ዘርግቶ ይውልና ኮረብታው ላይ ሳይወጣ ይመለሳል፣ እኔ ይሄን ላሊበላ ሄዶ ሆቴል ውስጥ ተኝቶ እንደመመለስ ነው የማየው። ስለዚህ ጠዋት ኮረብታ፣ ከሰዓት ውሃ፣ በቃ ይሄን ቅደም ተከተል ያዙ።

ከመነሳታችሁ በፊት አንድ ነገር እናጥራ፣ ስቴት ፓርኩና ናሽናል ፓርኩ ስማቸው ተመሳሰለ እንጂ ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ናቸው። ስቴት ፓርኩ በ1925 የተቋቋመ የኢንዲያና ግዛት ፓርክ ነው፣ ዙሪያውን የከበበው ደግሞ በ1966 በፌደራል መንግስት ተከልሎ በ2019 ናሽናል ፓርክ የተባለው ነው። የፌደራሉ ዓመታዊ ፓስ ስቴት ፓርኩ በር ላይ አይሰራም፣ "እኔ እኮ ፓስ አለኝ" እያሉ በር ላይ የሚከራከሩ ሰዎች ሁሌም አይጠፉም። ጂፒኤሱ ላይም "ስቴት ፓርክ" ብላችሁ ጻፉ፣ አለበለዚያ ሌላ ዳርቻ ይወስዳችኋል። በ94 ሃይዌይ ከመጣችሁ ኤግዚት 26 ላይ ወጥታችሁ 49ን ይዛችሁ ወደ ሰሜን ዝም ብላችሁ መንዳት ነው፣ መንገዱ የሚያልቀው ፓርኩ ውስጥ ነው። ክፍያው በመኪና ነው፣ የኢንዲያና ታርጋ የሌለው ደግሞ ጨመር አርጎ ይከፍላል፣ ስለዚህ በሶስት መኪና ከመሰለፍ ተጠጋግታችሁ በአንድ ግቡ።

መኪና የሌላችሁ ደግሞ ከሚሌኒየም ስቴሽን ሳውዝ ሾር ላይን ባቡር ይዛችሁ ዱን ፓርክ የሚለው ጣቢያ መውረድ ትችላላችሁ፣ ከዛ እስከ ውሃው በእግር ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። የመመለሻውን ባቡር ሰዓት ግን ከቤት ሳትወጡ እዩት፣ በተለይ ቅዳሜና እሁድ።

ሰዓት ላይ እዚህ ጋ ቀልድ የለም። በጋ ላይ ፀሐይ ያለበት ቅዳሜ ከሆነ ፓርኪንጉ ይሞላል፣ ሲሞላ ደግሞ በሩን ይዘጉና መኪና እስኪወጣ ድረስ አናስገባም ይላሉ፣ ስለዚህ በአሜሪካ ሰዓት ከ9 በፊት ብትደርሱ ነው የሚሻላችሁ፣ መስራት የማትገደዱበት የስራ ቀን ካገኛችሁ ደግሞ እሱን የሚያክል የለም። ከኢንዲያናፖሊስ የምትመጡ፣ እዚህ ያለው የቺካጎ ሰዓት ስለሆነ አንድ ሰዓት ታተርፋላችሁ።

አሁን ወደ ኮረብታው። መኪናችሁን ኔቸር ሴንተሩ ጋ አቁሙ፣ "ስሪ ዱን ቻሌንጅ" የሚሉት መንገድ ከዛ ነው የሚነሳው፣ ትሬል 8 ይባላል፣ ርዝመቱ 1.5 ማይል ብቻ ነው። ብቻ ስላችሁ ግን እንዳትንቁት፣ ማውንት ጃክሰን 176 ጫማ፣ ማውንት ሆልደን 184፣ ማውንት ቶም 192 ነው፣ ሶስቱ ሲደመሩ 552 ጫማ ሽቅብ ማለት ነው፣ ያውም አሸዋ ላይ። ቶም ላይ የእንጨት ደረጃ አለ፣ ጃክሰን ላይ ግን እግራችሁ ሁለት እርምጃ ሲወጣ አንዱን አሸዋው መልሶ ይወስደዋል። ዘዴው አጭር አጭር መርገጥ ነው፣ ከፊታችሁ የወጣው ሰው እግሩን ያሳረፈበት ጉድጓድ ውስጥ እየረገጣችሁ፣ ወደ ፊት ጎንበስ ብላችሁ፣ ሳትሮጡ። ጫማ ማውለቅ ጠዋት ደስ ይላል፣ ቀትር ላይ ግን አሸዋው ምጣድ ስለሚሆን ጫማችሁን ትታችሁ አትውጡ። ጫፍ ላይ ስትደርሱ ሰማዩ ጥርት ካለ የቺካጎ ፎቆች ከውሃው ማዶ ይታያሉ፣ ወደ ጎን ዞር ካላችሁ ደግሞ የብረት ፋብሪካው፣ ቦታው እንዲህ ነው፣ ጫካውም ጭሱም ጎን ለጎን። ሶስቱን ለጨረሰ ስቲከር ይሰጣል፣ ልጆች ለሱ ሲሉ ይወጡታል።

ትሬል 8 ካልበቃችሁ 9 ቁጥርን ሂዱ፣ 3.75 ማይል ነው፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ ከፓርኩ ሁሉ ምርጡ እሱ ነው። በኮረብታው ጫፍ ጫፍ ሐይቁን በአንድ በኩል እያያችሁ ትሄዳላችሁ፣ መሃል ላይ ነፋስ ቆፍሮ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ያደረጋቸው ሰፋፊ ቦታዎች አሉ፣ ብሎውአውት ይሏቸዋል። አሸዋውን ይዞት የሚኖረው ሳሩ ነው፣ ማራም ግራስ የሚባለው፣ ስሩ ከተረገጠ ይሞታል፣ ሳሩ ሲሞት ነፋሱ አሸዋውን መብላት ይጀምራል። ከትሬሉ አትውጡ የሚሉት ለዚህ ነው እንጂ ለክፋት አይደለም። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ሄንሪ ካውልስ በ1899 እጽዋት እንዴት ተራ በተራ እንደሚተካኩ የጻፈው እነዚህን የሌክ ሚሺጋን አሸዋዎች አይቶ ነው፣ እናንተም ልብ ካላችሁ ከውሃው ዳር ወደ ውስጥ ስትገቡ መጀመሪያ ሳር፣ ከዛ ቁጥቋጦ፣ ከዛ ጥድ፣ በመጨረሻም ኦክ እያለ ሲቀየር ታዩታላችሁ።

አቀበት የማይችል፣ እማማና አባባ ይዛችሁ የመጣችሁ፣ ትሬል 2 ሜዳ ነው፣ 3 ማይል፣ ረግረጉን በእንጨት መንገድ ያሻግራችኋል፣ በተለይ ጸደይ ላይ አበባና ወፍ በሽ ነው። ሰኔና ሐምሌ ግን ቢንቢው አያስቆምም። ለሁሉም ትሬል ረጅም ካልሲ አድርጉ፣ መዥገር አለ፣ ሶስት ሶስት ቅጠል ያለውን፣ ቆዳ የሚያሳክከውን ፖይዝን አይቪ የሚባል ተክልም አትንኩ፣ ቤት ስትገቡ የልጆቹን ጉልበትና ከጆሮ ጀርባ ፈትሹ።

ምግብ ላይ ምክሬ አጭር ነው፣ እንጀራ ውሃው ዳር እንዳትዘረጉ። ነፋሱ አንዴ ሽው ካለ ወጡ ውስጥ ያለው አሸዋ ጥርስ ያንኳኳል፣ ከኋላ ዛፍ ስር ጠረጴዛ ያለበት የፒክኒክ ቦታ አለ፣ ጥብሱም እዛ። ጠርሙስ ዳርቻው ላይ ክልክል ነው፣ ቢራም ኩለር ውስጥ ደብቃችሁ አትምጡ፣ መጠጥ ይዞ መግባት አይፈቀድም።

ከሰዓት ወደ ውሃው። እዚህ ጋ አንዴ አድምጡኝ፣ ሐይቅ ነው ተብሎ እንደ ባቦጋያ አይታይም። ሌክ ሚሺጋን ከሰሜን እስከ ደቡብ 307 ማይል ነው፣ ፓርኩ ያለው ደግሞ ደቡብ ጫፉ ላይ ስለሆነ ከሰሜን የተነሳ ነፋስ ያን ሁሉ መንገድ ማዕበሉን እየገፋ መጥቶ እናንተ ላይ ነው የሚያራግፈው። በዛ ቀን ሪፕ ከረንት ይፈጠራል፣ ወደ ውስጥ የሚጎትት ጅረት ማለት ነው። ከያዛችሁ ወደ ዳር ለመመለስ አትታገሉት፣ ያደክማችኋል፣ በጀርባ ተንሳፈፉ፣ ከዛ ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኝታችሁ ከጅረቱ ስትወጡ ተመለሱ። ነፋሱ ከደቡብ ሲሆን ደግሞ ውሃው ጸጥ ያለ ይመስላል፣ ግን በአየር የሚነፋውን ፍራሽ ከነልጁ ወደ መሃል ይወስደዋል፣ ስለዚህ ለልጅ ትክክለኛ ላይፍ ጃኬት ግዙ፣ የተነፋ ዳክዬ አያድንም። ቀይ ባሕር ወይ ዱባይ የዋኛችሁም ልብ በሉ፣ እዚህ ጨው የለም፣ ውሃው እንደዛ አይሸከማችሁም። ላይፍጋርድ ባለበት ሰዓትና ቦታ ብቻ ግቡ፣ እግዜር ይስጣችሁ።

ክረምት ላይ በረዶ ሲሆን መሄድም ያምራል፣ ሰው የለም፣ ዳሩ ላይ የተከመረው በረዶ ግን መሬት ይመስላል እንጂ ስሩ ባዶ ነው፣ ፎቶ ለመነሳት ብላችሁ እንዳትወጡበት፣ ፎቶውን ከአሸዋው ላይ ሆናችሁ አንሱ።