የቨርሜር «ወተት ቀጂዋ» በሦስት የስኬትቦርድ ጣውላ ላይ፦ ለግድግዳ ጌጥ እንዴት ይሠራል

የቆዩ ታላላቅ ሥዕሎችን በስኬትቦርድ (ቆመው በሚነዱት ባለ ጎማ መንሸራተቻ) ጣውላ ላይ አትሞ ግድግዳ ላይ መስቀል ላየው ሰው ቀላል ነው፤ ማተምና መለጠፍ ብቻ ይመስላል። ጣውላው ግን ጠፍጣፋ አይደለም። ሁለቱ ጫፎቹ ወደ አንድ ወገን ይታጠፋሉ፣ ወርዱ መሀሉ ላይ ጎበጥ ይላል፣ ማዕዘን የሚባል ነገርም የለውም። ሦስቱ ጎን ለጎን ሲሰቀሉ ደግሞ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከሥዕሉ ላይ የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ስለዚህ ሥራው የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ሲለጠፍ ሳይሆን ቀደም ብሎ ሲለካ ነው።

ለምሳሌ የመረጥነው የኔዘርላንዱ ሠዓሊ ዮሐንስ ቨርሜር እ.ኤ.አ. በ1660 ገደማ የሣለውን «ወተት ቀጂዋ» ነው። ዋናው ሥዕል አምስተርዳም በራይክስሙዚየም ይገኛል፤ ቁመቱ 45.5፣ ወርዱ 41 ሳ.ሜ. ብቻ ነው። ሦስት ጣውላ ላይ ሲወጣ ከዋናው እጥፍ ሊሆን ትንሽ ይቀረዋል። የተመረጠበትም ምክንያት ይኸው የቁመትና የወርድ ምጥጥኑ ነው። የጃፓናዊውን ሠዓሊ የሆኩሳይን «ታላቁ ማዕበል» የመሰለ አግድም የተሣለ ሥዕል ሦስት ጣውላ ላይ ካስገቡት ግማሹን ሊያጡ ነው፤ እሱ አምስት ጣውላ ይፈልጋል።

ጣውላው

ጎማም ሆነ ግሪፕ ቴፕ (እግር እንዳያንሸራትት ከላይ የሚለጠፈው ሻካራ ሽፋን) ያልተገጠመለት፣ ምንም ያልታተመበት ጣውላ ይግዙ። ደረጃውን የጠበቀው ከሰባት ስስ የሜፕል እንጨት ንጣፍ ተጣብቆ የተሠራ፣ ወርዱ 8 ኢንች (20.3 ሳ.ሜ.)፣ ርዝመቱ ወደ 81 ሳ.ሜ. ገደማ የሆነው ነው። ሦስቱንም ከአንድ አምራችና ከአንድ ሞዴል ይውሰዱ። ወርዳቸው እኩል ሆኖ ጉብጠታቸው ከተለያየ፣ ከጎን የሚመጣ መብራት ልዩነቱን ወዲያው ያጋልጣል።

ሥዕሉ የሚለጠፈው ጎማ በሚገጠምበት ገጽ ነው። ይህ ገጽ ወደ ፊት ሲዞር ሁለቱ ጫፎች ወደ ግድግዳው ይታጠፋሉ፣ መሀሉም ከግድግዳው ራቅ ይላል። ሌላው ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር፣ የጣውላው የፊት ጫፍ ብዙውን ጊዜ ከኋላው ረዘም ማለቱን ነው። ሦስቱንም የፊት ጫፋቸውን ወደ ላይ አድርገው ጀርባቸው ላይ «ግራ»፣ «መሀል»፣ «ቀኝ» ብለው ይጻፉባቸው። አንዱ ተገልብጦ ከተሠራ ጫፎቹ መቼም አይገጥሙም።

ልኬቱ

ርዝመቱን በብረት ማስመሪያ ሳይሆን በልብስ ሰፊ ሜትር፣ ጉብጠቱን ተከትለው ከጫፍ እስከ ጫፍ ይለኩ። ቀጥታ 81 የሆነው በዚህ መንገድ 83 መጣ እንበል። በጣውላዎቹ መካከል የሚኖረውን ክፍተት 5 ሳ.ሜ. ያድርጉ። አጠቃላይ ወርዱ እንግዲህ ሦስት ጊዜ 20.3 ሲደመር ሁለት ጊዜ 5፣ 70.9 ሳ.ሜ. ይሆናል። በየዙሪያው ተቆርጦ የሚጣል 1 ሳ.ሜ. ትርፍ ሲጨመርበት ሥዕሉ 72.9 በ85 ሳ.ሜ. መሙላት አለበት። የቨርሜርን ሥዕል ቁመቱ 85 እስኪሆን ሲያሳድጉት ወርዱ 76.6 ይደርሳል፤ ወደ ግራና ቀኝ ለማንቀሳቀስ 3.7 ሳ.ሜ. ይተርፍዎታል ማለት ነው።

ክፍተቱን በተመለከተ አቋምዎን አሁኑኑ ይወስኑ። ሥዕሉን ሦስት እኩል ቦታ ቆርጦ ማራራቅ ይቻላል፤ ግን የጠረጴዛው ጠርዝና የመስኮቱ መስመር ይሰበራሉ፣ ዓይንም ስብራቱን ቶሎ ይይዛል። የሚሻለው በክፍተቱ ያለውን ሥዕል መተው ነው። በመስኮት ብረት በኩል ውጭ እንደ ማየት ነው፤ የተሸፈነውን ዓይን ራሱ ይሞላዋል። በጊምፕ ወይም በፎቶሾፕ 70.9 ሳ.ሜ. ወርድ ያለው ገጽ ይክፈቱና በ20.3፣ በ25.3፣ በ45.6 እና በ50.6 ላይ ቀጥ ያሉ መስመሮች ያኑሩ። ከዚያ የሴትዮዋ ፊትና የሚቀዳው ወተት ሙሉ በሙሉ መሀለኛው ጣውላ ላይ እስኪያርፉ ሥዕሉን ያንቀሳቅሱ። ጫፎቹ ክብ ስለሆኑ ላይና ታች ያሉት ማዕዘኖች ይጠፋሉ፤ በቀኝ በኩል ወለሉ ላይ ያለችው የእግር ማሞቂያ ምን ያህል እንደምትቆረጥ ሳያዩ ወደ ኅትመት አይሂዱ።

ምስሉን ከራይክስሙዚየም ድረ ገጽ ያለ ክፍያ ማውረድ ይቻላል። ሠዓሊው ያረፈው እ.ኤ.አ. በ1675 ስለሆነ የቅጂ መብት ጥያቄ የለበትም። ቁመቱ ቢያንስ 5,000 ፒክስል ይሁን፤ ለ85 ሳ.ሜ. ይህ በኢንች 150 ነጥብ ገደማ ነው፣ ከሁለት ሜትር ርቀት ለሚታይ ሥራ በቂ ነው።

ስለ ምርጫ ካነሣን፣ ቅዱሳት ሥዕላትን ይተዉአቸው። ባለ ሦስት ክፍሉ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ለሦስት ጣውላ የተሠራ ቢመስልም ጣውላው እግር የሚቆምበት ነው፤ ቤትዎ የሚመጣ ምእመን ቢቀየም አይፈረድበትም።

ማተሚያ ቤት

በፋብሪካ ሥዕሉ በፕላስቲክ ፊልም ላይ ታትሞ በሙቀትና በሚሽከረከር የሲሊኮን ጎማ ጣውላው ላይ ይታተማል። ያንን መሣሪያ ለሦስት ጣውላ ብሎ የሚገዛ የለም፤ ስለዚህ ስቲከር እንጠቀማለን። ማተሚያ ቤቱን «ካስት ስቲከር» ብለው ይጠይቁ። ለባነርና ለሱቅ መስታወት የሚውለው ርካሹ ካለንደርድ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ተጎትቶ የተሠራ በመሆኑ ከጊዜ በኋላ ወደ ቀድሞ መጠኑ መመለስ ይፈልጋል፣ ጉብጠት ላይ ሲለጠፍም ከጫፉ ይላቀቃል። ላሚኔቱም፣ ማለትም ከኅትመቱ በላይ የሚለጠፈው ግልጽ ሽፋን፣ ካስት፣ ደግሞም የማያብለጨልጭ ይሁን። የጎበጠ ገጽ ላይ የሚያብለጨልጭ ላሚኔት ከላይ እስከ ታች የመብራት ጅራት ይሠራል። በሶልቨንት ቀለም ከታተመ ላሚኔት ከመደረጉ በፊት 24 ሰዓት ይረፍ፤ ያልወጣው የቀለም ጋዝ ታፍኖ ስቲከሩን ያላላዋል።

ሙሉውን ከማሳተምዎ በፊት 10 በ20 ሳ.ሜ. የሆነ ናሙና ያስወጡ። ሁለት ነገር ይዩበት። የሴትዮዋ ሽርጥ ሰማያዊ በኅትመት ወደ ሐምራዊ ይሸሻል፤ ከሰማያዊው ውስጥ ማጀንታውን (ወደ ሐምራዊ የሚያደላውን ቀይ ቀለም) ይቀንሱለት። ጥላው አካባቢ ደግሞ ከስክሪን ይልቅ ይጠቁራል፤ መካከለኛውን ድምቀት ትንሽ ከፍ ያድርጉት።

መስቀያው ከሥዕሉ ይቀድማል

ጣውላው አራት አራት ሆነው የተቀመጡ ስምንት ቀዳዳዎች አሉት። የላይኞቹን አራት ለመስቀያ ይጠቀሙ። 6 በ10 ሳ.ሜ. የሆነ፣ 3 ሳ.ሜ. ውፍረት ያለው እንጨት ከኋላ አስደግፈው፣ 5 ሳ.ሜ. ርዝመትና 5 ሚ.ሜ. ውፍረት ባላቸው ጠፍጣፋ ራስ ብሎኖች ይሰሩት። የብሎኖቹ ራስ ከገጹ ዝቅ ማለት አለበት። ጀርባው ጎድጎድ ያለ ስለሆነ እንጨቱ በጠርዞቹ ብቻ ነው የሚያርፈው፤ መሀሉን በኢፖክሲ ይሙሉና ዳዶውን በልኩ ያጥብቁ። ከልክ በላይ ከጠበቀ ፊቱ ይሰረጉዳል።

ስምንቱንም ቀዳዳ በእንጨት ስቱኮ ይድፈኑ። ስቱኮ ሲደርቅ ስለሚሰምጥ ሁለት ጊዜ ይቀቡት፤ ስቲከሩ እጅግ ስስ ስለሆነ አንድ የተዘለለ ጉድጓድ ወተቱ ላይ ጥላ ሆኖ ይወጣል። በ150፣ ቀጥሎ በ220 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት እንጨቱን ተከትለው ይሞርዱ። ባዶ እንጨት ላይ ስቲከር በደንብ አይያዝም፤ በውሃ የሚሠራ ነጭ ፕራይመር (መነሻ ቀለም) ሁለት ስስ እጅ ቀብተው፣ በ320 አለስልሰው፣ ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ ያድርቁ። ያልደረቀ ቀለም ላይ ከተለጠፈ ከሳምንት በኋላ አረፋ ያወጣል፣ ያንን አረፋ የሚያጠፋ መላ የለም።

መለጠፍ

ጣውላውን በአልኮል ወልውለው ሁለቱም ጫፎች ላይ መሀሉን በእርሳስ ያመልክቱ። ስቲከሩን ሳይልጡ አስተካክለው ያስቀምጡና ልክ ወገቡ ላይ በወረቀት ፕላስተር አግድም ይሰሩት። አንዱን ግማሽ አንሥተው የኋላውን ወረቀት እስከ ፕላስተሩ ይላጡና ይቁረጡት፤ ከዚያ ጫፉ ጨርቅ በለበሰ የፕላስቲክ መጥረጊያ ከወገቡ ወደ ጫፍ፣ ከመሀል ወደ ጎን ይጫኑት። ፕላስተሩን አንሥተው ሌላውን ግማሽ ይድገሙት።

ጣውላው መታጠፍ የሚጀምርበት ቦታ ሲደርሱ ይቁሙ። እዚያ ስቲከሩን ስቦ ማስገደድ የተለመደው ስህተት ነው፤ የተሳበው ሥዕል ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝም ይሸሻል። በፀጉር ማድረቂያ ለስለስ እስኪል አሙቀው በአውራ ጣት ቀስ እያሉ ያስተኙት። ክብ ጫፉ ላይ የሚሸበሸበው ተቆርጦ የሚጣለው ትርፍ ብቻ ከሆነ ምንም አይደለም። ተለጥፎ ሲያልቅ ጠርዞቹን አንድ ጊዜ በደንብ አሙቀው ይጫኑ። ትንሽ አረፋ በመርፌ ተወግቶ ይወጣል።

ለመቁረጥ አዲስ የከተር ምላጭ ይጠቀሙ፤ ለእያንዳንዱ ጣውላ አንድ ምላጭ። ጠርዙ መዞር በሚጀምርበት መስመር ላይ ምላጩን አጋድመው ሳያቋርጡ ይዙሩት። ጎኑን ለመሸፈን አይሞክሩ፤ የሜፕሉ ንጣፎች መታየታቸው ራሱ የዚህ ሥራ ውበት ነው። በመጨረሻ ጠርዙን በ320 ከገጹ ወደ ጎን ብቻ ያለስልሱ። ወደ ላይ ከሞረዱ ስቲከሩን ያነሡታል።

መስቀል

አንዱ ጣውላ ከነመስቀያው ወደ ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። የብሎኬት ግድግዳ ከሆነ በ8 ሚ.ሜ. የድንጋይ ድሪል በስተው ፊሸር ያስገቡ። አሜሪካ እንዳሉት ቤቶች ጂብሰም ከሆነ ለጂብሰም የተሠራውን የሚከፈት ፊሸር ይጠቀሙ፤ ተራው ቀስ በቀስ ይወጣል። ብሎኑ ምን ያህል እንደሚወጣ ለማወቅ ጣውላውን ሥዕሉን ወደ ላይ አድርገው ጠረጴዛ ላይ ያኑሩና ከእንጨቱ እስከ ጠረጴዛው ያለውን ይለኩ። በእንጨቱ ላይ የፍሬም ቀለበት ይምቱ።

የሦስቱን ቀዳዳ ግድግዳው ላይ በዓይን አይገምቱ። ጣውላዎቹን ወለል ላይ በ5 ሳ.ሜ. ክፍተት ደርድረው የቀለበቶቹን ቦታ በረጅም ወረቀት ላይ ይውሰዱ፤ ወረቀቱን በውሃ ልክ አስተካክለው ግድግዳው ላይ ለጥፈው በላዩ ይብሱ። የሥራው መሀል ከወለሉ 145 እስከ 150 ሳ.ሜ. ቢሆን ይመቻል። ቀጥተኛ ፀሐይ የሚያገኘውን ግድግዳ ይሽሹ፤ ቶሎ ከሚደበዝዙት አንዱ ቢጫው ነው፣ የዚህች ሴት የደረት ልብስ ደግሞ ቢጫ ነው። ጣውላው በር ሲዘጋ እንዳይወዛወዝ ግድግዳውን በሚነኩት ሁለት ጫፎች ጀርባ ላይ ትናንሽ የጨርቅ ክቦች ይለጥፉ።