«ወፍ የለም» ከማለታችሁ በፊት፦ በማታውቁት ከተማ የወፍ ድምፅ እንዴት ይደመጣል

ጎንደር መጀመሪያ የሄድኩት ለሥራ ነው። ሦስት ቀን ስብሰባ፣ አንድ ቀን ነጻ። በነጻዋ ቀን «እስቲ ትንሽ ተፈጥሮ ልይ» ብዬ ካሜራዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ነበር። ፀሐዩ ከርሯል፣ ባጃጁ ይጮሃል፣ እኔ ከዛፍ ዛፍ እሮጣለሁ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ዞሬ ያገኘሁት አንድ ቁራ ነው፤ እሱም ጀርባውን ሰጥቶኝ። ጓደኛዬ ደውሎ «እንዴት ነው?» ሲለኝ «ወፍ የለም!» አልኩት። በሁለቱም ትርጉሙ።

ወፉ ግን ሞልቶ ነበር። የተበላሸው የእኔ አካሄድ ነው። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ተመልሼ ሄጃለሁ፤ አሁን የማደርገው እንዲህ ነው።

ከማታው ጀምሩ

ወፍ ሲንጫጫ ለመድረስ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ከአልጋ መውረድ ያስፈልጋል። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ተቀምጣችሁ መገኘት አለባችሁ። በማለዳ አየሩ ረጋ ስለሚል ድምፅ ጠርቶ ይሰማል፣ መኪናውም ገና አልተነሳም። ሦስት ሰዓት ላይ አብዛኛው ወፍ ዝማሬውን ቀንሶ ወደ እንጀራው ሄዷል።

አገሩን ስለማታውቁት በጨለማ ብቻችሁን በእግር አትውጡ። ማታውኑ የሆቴሉን ዘበኛ አማክሩ፤ የሚታመን የባጃጅ ሹፌር ይጠራላችኋል፣ የትኛው ሰፈር ውሻ እንደሚበዛበትም ይነግራችኋል። ከተማዋ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ጋቢ ያዙ። ቁርስ አትብሉ፣ ኋላ ትደርሱበታላችሁ።

አንድ ቦታ ብቻ

እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ፋሲል ግቢ ነው። አይፈረድበትም፤ አፄ ፋሲል ከተማዋን በ1636 ሲቆረቁሩ የጀመሩት ቤተ መንግሥት ነው፣ ግንቡ ላይም እርግብ አይጠፋም። ችግሩ ግቢው በሥራ ሰዓት ነው የሚከፈተው፤ የማለዳው ዝማሬ ያመልጣችኋል። የፋሲል መዋኛም ሥራቸው ግንቡን ያቀፈ ትልልቅ ዛፎች አሉት፤ እሱን ለከሰዓት አቆዩት። በጥምቀት ሰሞን ግን ለወፍ ብላችሁ እንዳትሄዱ፣ የምትሰሙት እልልታና ከበሮ ነው።

የእኔ ምርጫ ቤተ ክርስቲያን ነው። በደጋው አገር ነባሩ ዛፍ፣ ጥዱና ወይራው፣ ከምሳር የተረፈው በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ነው። ዛፍ ባለበት ደግሞ ወፍ አለ። ጎንደር «አርባ አራቱ ታቦት» የሚባልላት ከተማ ስለሆነች አማራጭ አይቸግራችሁም። እኔ ደብረ ብርሃን ሥላሴን እወዳለሁ። ሰው ሁሉ ጣራው ላይ የተሳሉትን ክንፍ ያላቸው የመላእክት ፊቶች ለማየት ወደ ውስጥ ይገባል፤ ውጭ ዛፉ ሥር ቦታው ለእናንተ ይተርፋል። የቅዳሴ ቀን ከሆነ ድምፅ ማጉያው ስለሚሸፍነው ሌላ ቀን ምረጡ፣ ወይም ቅዳሴውን አስቀድሱ። ነጠላ፣ ሥርዓት፣ ፈቃድ መጠየቅ… ይሄን አልነግራችሁም።

መቀመጥ

ከባዱ እዚህ ላይ ነው። ሁለተኛ ጊዜ ስሄድ በሰዓቱ ደርሼም ቅጥሩን እየዞርኩ አንጋጥጬ ስፈልግ አንድ ሽማግሌ አዩኝ።

«ልጄ፣ ምን ጠፋህ?»

«ወፍ እየፈለግሁ ነው፣ አባ።»

«እየተንጎራደድክ? አረፍ በል እንጂ። ወፍ እኮ በግ አይደለም፣ አይነዳም።»

አፈርኩና ተቀመጥኩ። ያን ቀን ነው የገባኝ።

ስትደርሱ መጀመሪያ የምትሰሙት አጭር፣ ደረቅ፣ ተደጋጋሚ ድምፅ ነው፤ «ጭክ፣ ጭክ፣ ጭክ»። ዝማሬ እንዳይመስላችሁ። ስለ እናንተ ነው የሚያወሩት፤ «ሰው መጣ፣ ተጠንቀቁ» መሆኑ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ ይሄዳል። አትንቀሳቀሱ። ጀርባችሁን ለግንድ ስጡ፣ እጃችሁን ጋቢው ውስጥ ክተቱ፣ አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ታገሡ። ጭክጭክታው እየሳሳ ሄዶ ይቆማል። ከዚያ ረዘም ያለው፣ ዜማ ያለው ድምፅ ይጀምራል።

አሁን ዓይናችሁን ጨፍኑ። መጀመሪያ የሚሰማችሁ የተደበላለቀ ጫጫታ ነው። ሰርግ ቤት ውስጥ በዚያ ሁሉ ወሬ መሀል የአክስታችሁን ሳቅ ትለዩ የለ? ያው ነው። ከታች ጀምሩ፤ ወፍራሙና ዘገም ያለው «ኩ-ኩ» የእርግብና የዋኔ ወገን ነው። እሱን ከያዛችሁ በኋላ ተዉትና ከላዩ ያለውን አድምጡ። ከዚያ ቀጭኑን፣ መርፌ የመሰለውን። እኔ መጀመሪያ ቀን ሁለት ብቻ ነበር የለየሁት፤ በአራተኛው ሰባት ደረስኩ።

ድንገት ሁሉም ጸጥ ካለ ቀና በሉ። ብዙ ጊዜ ጭልፊት እያለፈ ነው።

በደጋው አንድ ወፍ አለ፣ ጨርሶ አያደናግርም፦ ጠቆር ያለ፣ ረጅም ቆልማማ መንቁር ያለው፣ ጉሮሮው ሥር ቆዳ የተንጠለጠለበት። ማለዳ ከማደሪያው በመንጋ ሲነሣ ጩኸቱ የተጣሉ ጎረቤቶች ነው የሚመስለው። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የሚኖርበት አገር የለም። የውጭ አገር ሰው እሱን ለማየት በአውሮፕላን ይመጣል፤ እኛ በጩኸቱ እየነቃን እንራገማለን።

ደብተር ይሻላል፣ ስልክ ይከተላል

ገጹ መሀል ላይ የመስቀል ምልክት አድርጉ፤ እናንተ ናችሁ። ድምፅ በሰማችሁ ቁጥር በመጣበት አቅጣጫ ነጥብ አኑሩና የራሳችሁን ስም ስጡት። «የሻይ ማንኪያ»፣ «ፉጨት የሚለማመድ ልጅ»፣ ደስ ያላችሁን። ትክክለኛውን ስም ለመፈለግ ከቸኮላችሁ ጆሯችሁ ሥራውን ያቆማል።

ስልክ ላይ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው የወፍ መለያ መተግበሪያ «መርሊን» በነጻ አለ፤ የወፎቹን ጥቅል አስቀድማችሁ በዋይፋይ ካወረዳችሁ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ጥሩ ነው፣ ግን እኔ ሆቴል ተመልሼ ነው የምከፍተው። አቅራቢ መነጽር ካላችሁ ስምንት እጥፍ የሚያቀርበው ይበቃል። ካሜራውን ተዉት።

አንድ ነገር ግን በፍጹም አታድርጉ። ሦስተኛ ጉዞዬ ላይ ብልጥ ነኝ ብዬ የቀዳሁትን ድምፅ መልሼ ለወፉ አሰማሁት። ከምኔው ደረሰ! ከራሴ በላይ እየተሽከረከረ ጮኸ፣ ተቆጣ፣ ላባውን ነፋ። እኔ ደስ ብሎኝ ቪዲዮ አነሣለሁ። ለካ ተቀናቃኝ ክልሉን የገባበት መስሎት ነው። ከዚያ ዝም አለ፤ እስክሄድ ድረስ ድምፁን አልሰማሁትም። ለምግብና ለጫጩት የሚሆን ጉልበቱን የሌለ ጠላት ሲያባርር ጨረሰው።

ወሩ

ከመረጣችሁ መስከረምን። «እንደ መስቀል ወፍ ጠፋህ» የምንለው ያለ ነገር አይደለም። ቡናማ ሆነው ከሣሩ ተመሳስለው የከረሙ ወንድ ወፎች የመራቢያ ጊዜያቸው ስለሆነ ቀይና ጥቁር፣ ቢጫና ጥቁር የሚለብሱት በዚያ ሰሞን ነው። ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ነበሩ፤ የክት ልብሳቸውን ስላልለበሱ ነው ያላየናቸው።

ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ዝማሬው ይቀዘቅዛል። ተነሡና ቁርሳችሁን ብሉ፤ ነጥቦቹን ከመርሊን ጋር የማስተያየው ያኔ ነው፣ ፍርፍሩ እስኪመጣ። ከሰባቱ ድምፆች ስድስቱ ስም አግኝተዋል። ሰባተኛው እስካሁን ደብተሬ ላይ «ዘይት ያጣ ማጠፊያ» እንደተባለ ነው።