ፍሎረንስን በአንድ ቀን እንዴት እንያት?

የጣሊያኗ ፍሎረንስ መሃል ከተማ ሰፊ ስላልሆነ በእግር ይበቃችኋል። በጠዋት ከዱኦሞ፣ ማለትም ከከተማዋ ዋና ካቴድራል ጀምሩ። ካቴድራሉ መግቢያው ነፃ ነው፣ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ብቻ ልበሱ። ጉልላቱ ላይ ለመውጣት ግን ሰዓት መርጣችሁ ቀድማችሁ ትኬት መቁረጥ አለባችሁ። 463 ደረጃ አለው፣ ሊፍት የለውም፤ ጉልበት የሚያመው ይቅርበት፣ የቻለ ግን በፍጹም እንዳያልፈው! አርክቴክቱ ብሩኔሌስኪ ጉልላቱን ድርብ አድርጎ ስለሠራው የምትወጡት በሁለቱ ግድግዳዎች መሃል ባለው ጠባብ መንገድ ነው፣ ከመሬት ሲያዩአቸው ትንንሽ የሚመስሉት በጉልላቱ ውስጥ የተሳሉት የመጨረሻው ፍርድ ሥዕሎችም እዚያ አጠገባችሁ ሲሆኑ ምን ያህል ግዙፍ እንደሆኑ ታያላችሁ።

ከሰዓት ወይ የማይክል አንጄሎን የዳዊት ሐውልት ለማየት አካዴሚያ ሙዚየም ግቡ፣ ወይ ኡፊዚ የሥዕል ሙዚየም። ሁለቱም ሰኞ ዝግ ናቸው። በአንድ ቀን ሁለቱን አልመክርም፣ ዓይን ይደክማል። አመሻሹ ላይ ፖንቴ ቬኪዮ የሚባለውን ድልድይ ተሻግራችሁ ኮረብታ ላይ ወዳለው አደባባይ፣ ፒያሳሌ ሚኬላንጄሎ ውጡ፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ቦታው ስለሚጨናነቅ ቀደም በሉ።