የውጭ ቡና ገዢ «ቦልፓርክ ፊገር» ሲጠይቃችሁ

ጅማ ሆናችሁ ከውጭ ቡና ገዢ ጋር በኢሜይል ለምትጻጻፉ፦ ቃል በቃል ሲተረጎሙ ገደል የሚከቱ የእንግሊዝኛ ፈሊጦች አሉ።

አንዱ «ቦልፓርክ ፊገር» ነው። ከቤዝቦል ሜዳ የመጣ አባባል ሲሆን ግምታዊ ቁጥር ማለት ነው። ገዢው የመጨረሻ ዋጋ አልጠየቀም፤ ስለዚህ ከዚህ እስከዚህ ብላችሁ መልሱ፣ ግምት መሆኑንም እዚያው መስመር ላይ ጻፉ። መለኪያውን ደግሞ አደራ! እኛ በፈረሱላ (17 ኪሎ) ስናሰላ የኒውዮርክ የቡና ገበያ የሚያሰላው በፓውንድ ነው፤ 1 ፓውንድ 0.4536 ኪሎ ግድም ነው። የኪሎ ዋጋ ጽፋችሁ መለኪያውን ካልጠቀሳችሁና ገዢው በፓውንድ ካነበበው፣ ዋጋው ከእጥፍ በላይ ተወዶ ይታየዋል።

«ዘ ቦል ኢዝ ኢን ዩር ኮርት» ካሏችሁ ተራው የእናንተ ነው። ዝም ብላችሁ ብትጠብቁ እነሱም ይጠብቃሉ፣ ናሙናውም ሳይላክ ይቀራል። «ሬይን ቼክ» ደግሞ «ዛሬ አይመቸኝም፣ ለሌላ ጊዜ ይሁንልኝ» ነው፤ እንቢታ አይደለም።

ከሁሉም አሳሳቹ «ቴብል» ነው። እንግሊዞች ጉዳዩን «ቴብል እናድርገው» ሲሉ ለውይይት እናቅርበው ማለታቸው ነው፤ አሜሪካኖች ግን ለጊዜው እናቆየው ማለታቸው ነው። ስለዚህ ሰውየው የየት አገር እንደሆነ ሳታዩ አትመልሱ።

ያልገባችሁ ሐረግ ሲገጥማችሁ መዝገበ ቃላት ላይ ሙሉውን እንጂ ቃሉን ነጥላችሁ አትፈልጉ። አሁንም ካጠራጠራችሁ የተረዳችሁትን በቀላል እንግሊዝኛ መልሳችሁ ጻፉና «ልክ ነኝ?» በሉ፤ ማንም ገዢ በዚህ አይቀየምም።