ያለ ግሉተን እቤት ስናበስል የምንሳሳታቸው ነገሮች

ከቤተሰብ አንዱ ሴሊያክ (በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባል ፕሮቲን አንጀትን የሚጎዳበት በሽታ) ወይም የምግብ አለርጂ እንዳለበት ሲታወቅ የስንዴ ዱቄቱ ከቤት ይወጣል፤ አዲስ አሰራር ፍለጋም ይጀመራል። የምናገኘው አሰራር ግን ብዙውን ጊዜ ለሌላ አገር ወጥ ቤት የተጻፈ ነው። ዱቄቱ ታሽጎ ከፋብሪካ የመጣ፣ ከተማውም ቆላ። ስህተቱ የሚጀምረው ይህን ሳናስብ ቃል በቃል ስንከተለው ነው።

ሳይመረመሩ ስንዴ ማቆም

የሴሊያክ የደም ምርመራ የሚያየው ሰውነት ለግሉተን ምላሽ የሚያመርታቸውን ፀረ እንግዳ አካላት ነው። ግሉተን ካቆማችሁ በኋላ ቆይታችሁ ብትመረመሩ፣ በሽታው እያለባችሁ ውጤቱ ነጻ ሊል ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ሐኪም ጋ ሂዱ። እስከዚያው እንደወትሮው ብሉ።

እንጀራ ሁሉ ጤፍ ነው ብሎ ማመን

ጤፍ ግሉተን የለውም፤ ይህ እውነት ነው። ሰሃን ላይ የሚቀርበው እንጀራ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ጤፍ ሲወደድ ገብስ ወይም ስንዴ ይደባለቅበታል። አሜሪካና አውሮፓ በሚሸጠው እንጀራም ይህ የተለመደ ነው። ሩዝ ወይም ማሽላ ብቻ የተደባለቀበት ከሆነ ችግር የለውም። ሦስት ቀን ስለቦካ ግሉተኑ ይጠፋል የሚሉ አሉ። አይጠፋም። የምጣዱ እሳትም አያጠፋውም።

እቤት መጋገርም ብቻውን በቂ አይደለም። ጤፉን ለቅማችሁ፣ ነፍታችሁ ወፍጮ ቤት ትወስዱታላችሁ። ከእናንተ በፊት ስንዴ ተፈጭቶ ከነበረ፣ ወፍጮው ውስጥ የቀረው ዱቄት ከጤፋችሁ ጋር ይወጣል። ለጤፍ ብቻ የተለየ ወፍጮ ያለበትን ቤት ፈልጉ። እርሾ ከጎረቤት ስትቀበሉም የምን ሊጥ እንደሆነ ጠይቁ። ወንፊቱ፣ ቡሃቃውና የምጣድ ማሰሻው ለብቻ ይሁኑ። በተለይ ወንፊት ታጥቦ አይጠራም።

ከሁሉ የሚከብደው ማዕዱ ነው። አምባሻ የቆረሰ እጅ ሲያጎርስ ፍቅሩን ይዞ ግሉተኑንም ይዞ ይመጣል። «ትንሽ ብትቀምስ ምን ትሆናለች?» የሚሉ ዘመዶችም አይጠፉም። ትንሽም ቢሆን አንጀትን ይጎዳል። ሴሊያክ ላለባት ልጅ የራሷን ሰሃን ማቅረብ ክፉ ነገር አይደለም፤ ይህን ለትልልቆቹ በአክብሮት ግን ሳታመነቱ ንገሯቸው።

«ስንዴ የለውም» የሚለውን እንደ «ግሉተን የለውም» ማንበብ

ገብስም ግሉተን አለው። ስለዚህ በሶ፣ የገብስ ቆሎና በገብስ ብቅል የተጠመቀ ጠላ አይሆኑም። አሜሪካ ላላችሁ ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ። ሕጉ ማሸጊያ ላይ ተለይተው እንዲጻፉ የሚያስገድደው ዘጠኝ ዋና ዋና አለርጂ አምጪዎችን ነው። ስንዴ አለበት፤ ሰሊጥም እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ገብቷል። ገብስ ግን የለበትም። ስለዚህ የአለርጂ ማስጠንቀቂያው ስንዴ ባይጠቅስም ውስጡ የገብስ ብቅል ሊኖር ይችላል። «ግሉተን ፍሪ» የሚለውን ጽሑፍ ፈልጉ፤ ይህም ግሉተኑ በኪሎ ከ20 ሚሊግራም በታች ነው ማለት ነው። አጃም ይህ ጽሑፍ ከሌለው አትግዙት። ሶይ ሶስ ብዙ ጊዜ ከስንዴ እንደሚሠራም አትርሱ።

ከአንዱ ሸሽቶ ሌላው ላይ መውደቅ

አውሮፓ በሚሸጡ ከግሉተን ነጻ ዱቄቶችና ዳቦዎች ውስጥ ሉፒን የሚባል ጥራጥሬ ሊገባ ይችላል። ግብጦም ራሱ የሉፒን ዓይነት ነው። የኦቾሎኒ አለርጂ ባለበት ሰው ላይ አለርጂውን ሊያስነሳ ይችላል። አብሽም እንዲሁ አንዳንዱ ላይ ይህን ያደርጋል፤ በርበሬና ንጥር ቅቤ ውስጥ እንዳለ አስቡ።

ወተት ላይም ግራ መጋባት አለ። ላክቶስ (የወተት ስኳር) የሌለው ወተት የወተት ፕሮቲኑ አለው፤ ስለዚህ ለወተት አለርጂ አይሆንም። የፍየል ወተትም መፍትሔ አይደለም። ንጥር ቅቤ እንኳ ፕሮቲን ሊቀርበት ይችላል። ወተትና እንቁላል ለማይስማማው ሰው ሩቅ ከመሄድ በፊት የጾም ምግባችንን ተመልከቱ። ኬክ ሲሆን አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በሦስት ማንኪያ ውሃ አሥር ደቂቃ ስታቆዩት አንድ እንቁላል ይተካል።

በኩባያ መለካትና ከፍታን መርሳት

የጤፍ፣ የሩዝና የስንዴ ዱቄት በአንድ ኩባያ እኩል አይመዝኑም። ሚዛን ተጠቀሙ። ሊጡ እንደ ስንዴ አልታሽ ቢላችሁም ዱቄት አትጨምሩበት፤ ይደርቅባችኋል። ያለ ግሉተን የሚሠራ የዳቦ ሊጥ ብዙ ጊዜ ወፈር ያለ ቡሆ ነው። በግሉተኑ ፋንታ የሚይዘው ዛንታን ገም ወይም ሲሊየም የሚባል ማያያዣ ዱቄት ነው፤ ግማሽ ሰዓት ሲያርፍም ውሃውን ይመጥጣል።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። አሰራሩ «የዳቦው ውስጥ 97 ዲግሪ ይድረስ» ካለ፣ ዳቦው እርጥበት እስካለው ድረስ እዚያ አይደርስም፤ ስትጠብቁ ይደርቃል። 90 አካባቢ ሲሆን አውጡት። ቤኪንግ ፓውደሩን ደግሞ በሩብ ያህል ቀንሱ፤ አለዚያ ኬኩ ቶሎ ይነፋና መሐሉ ይሰምጣል። ከወጣ በኋላ በደንብ ሳይቀዘቅዝ አትቁረጡት፤ ትኩሱን ከቆረጣችሁት ውስጡ ቢላው ላይ ይጣበቃል።